የእህቴ ባልና የመጽሔት ሽፋኖቹ

የእህቴ ባል የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሰው ግቢ መግባት ሥራው ስለሆነ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ቆጣሪውን አይቶ ሲያበቃ ዓይኑን ወደ ዕቃ ቤቱ ይልካል። «ይሄ አሮጌ መጽሔት ምን ያደርግላችኋል? አይጥ ነው የሚጠራባችሁ» ይልና ታቅፎት ይወጣል። የሚፈልገው ሽፋናቸው በእጅ የተሳለውን የድሮዎቹን ብቻ ነው፤ ፎቶ ያለበትን ዘወር ብሎም አያየውም። የሰፈሩ ሰው «ሊቀ ወረቀት» ሲለው ሹመት መስሎት አንገቱን ቀና ያደርጋል።

መጽሔቶቹ እያንዳንዳቸው ላስቲክ ለብሰው የሴት ልጁን ክፍል ያዙ። ልጅቷ ሳሎን ሶፋ ላይ ትተኛለች። እንግዳ ከመጣ እጁን ታጥቦ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነው የሚያየው። ትልቁ ኩራቱ ጉንጯን በእጇ ደግፋ በመስኮት የምትመለከት ሴት የተሳለችበት ሽፋን ነው። አምስት ቅጂ አለው። «ትካዜዋን እዩልኝ! የዘመኑን ሐዘን ነው የተሸከመችው» እያለ ያደነቁረናል።

አንድ ቀን አንዲት ባልቴት በሩን አንኳኩ። ለካ እነዚያን ሽፋኖች ይስሉ የነበሩት እሳቸው ኖረዋል። ከሥራቸው አንድም እጃቸው ላይ እንዳልቀረ፣ እሱ ጋ መኖሩን ግን ከጎረቤት እንደሰሙ ነገሩት። ሌላ ሰው ቢሆን እግራቸው ላይ ይወድቅ ነበር። እሱ ጓንት አቀበላቸው።

ባልቴቷ ያቺን ሴት ሲያዩ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እህቴ እኮ ናት! ጥርሷን አሟት ስትነጫነጭ ነው የሳልኳት።»

ሊቀ ወረቀት ፊቱን ቅጭም አደረገ። «ተሳስተው ይሆናል» አላቸው፤ ሥዕሉን ለሳሉት ለራሳቸው!

«አሁን ታማ አልጋ ላይ ናት። ከአምስቱ አንዱን ብትሰጠኝ ላሳያት ነበር፣ ልጄ።»

«ስብስብ አይበተንም፣ እማማ» ብሎ ላስቲኩን መልሶ አለበሰው።

እህቴ ከኩሽና ሆና ሁሉንም ሰምታለች። በማግስቱ እሱ ሥራ ሲወጣ ጠብቃ አንዱን መዘዘችና ባልቴቷ ቤት ድረስ ወስዳ ሰጠች። ከወር በኋላ ሲፈትሽ አራት ሆነው አገኛቸው።

«ማነው የነካብኝ?»

«እኔ፤ ለእማማ ሰጠኋቸው» አለችው፣ ሽንኩርቷን መክተፏን ሳታቆም።

ወደ ባልቴቷ ቤት እየበረረ ሄደ፤ እኔንም ምስክር ሁነኝ ብሎ ጎተተኝ። መጽሔቱ ታማሚዋ ደረት ላይ ነበር፤ ላስቲኩ ወልቆ፣ ጠርዙ ተጨማዶ። ታማሚዋ ጣቷን ጉንጯ ላይ አድርጋ «ይቺኛዋ መንጋጋ ነበረች» እያለች በፈገግታ አሳየችኝ። እሱ ያየው የተጨማደደውን ጠርዝ ብቻ ነው። እዚያው፣ የታመመ ሰው አልጋ ሥር ቆሞ፣ «ተበላሸ! ተበላሸ!» እያለ እንባውን አወረደው። ባልቴቷ ደንግጠው ውሃ አመጡለት። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መጽሔቱን እዚያው ትቶት ወጣ፤ የተጨማደደ አይፈልግማ። ቤት እንደደረሰ ለክፍሉ አዲስ ቁልፍ አስገጠመና አንገቱ ላይ አንጠለጠለው።

«ከእንግዲህ ማንም አይገባም!»

«እሰይ!» አለች እህቴ። «አቧራውንም ራስህ ጥረግ።»