ሐበሻ የሌለበት ሐይቅ

ባለፈው ጸደይ ቤተሰቤን ይዤ ስሎቬንያ ሄጄ ነበር። እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ ያምራል። ሰው ሲጠይቀኝም የማወራው ስለ ሐይቁ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ስለቀረው በረዶ፣ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ የሌለበት ስለመሆኑ ነው። ለምን እዚያ እንደሄድን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያኔ አፍሬበታለሁ፤ አሁንም አፍርበታለሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ኦክላንድ ነው፤ ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት። የኩባንያ ሠራተኞችን ጠዋት ሳን ሆዜ አደርሳለሁ፣ ከሥራ ሲወጡ እመልሳለሁ። ተሳፋሪዎቼ አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፓቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ነው የሚሄዱት። የካቲት ሲያልቅ ግን ቀና ይሉና ስለ ስፕሪንግ ብሬክ፣ ስለ ጸደይ የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ማውራት ይጀምራሉ። አንድ ቀን ከጀርባዬ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ፣ በጸደይ ፓሪስና ሮም የሚሄድ ሰው ያሳዝነኛል አለቻት። ትርፉ ሰልፍ ነው። ሰው የማይበዛበት ትንሽ ቦታ ፈልጊ፣ ልጆችሽ ይሮጡበታል፣ አንቺም ታርፊበታለሽ። እሷ ይህን ስትል እኔ 880 ፍሪዌይ ላይ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ቆሜያለሁ። እንዲህ ያለ ወሬ ለዓመታት ሰምቻለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ቀናሁ። እኔም እንደ ሰው ልጆቼን ይዤ ማረፍ አማረኝ።

ሴት ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሐሳቤን ስነግራት የዚያኑ ዕለት ላፕቶፗን ከፍታ ሰው የማይበዛባቸውን የአውሮፓ ቦታዎች ትደረድር ጀመር። ፖርቱጋል ውስጥ፣ ከባሕሩ ራቅ ያለ፣ የወይራ ዛፍ የሞላበት አገር። ኤስቶኒያ ያለ አንድ ደሴት። ስሎቬንያ ያለ ቦሂን የሚባል ሐይቅ፤ ቱሪስቱ ሁሉ ጎረቤቱ ያለውን ዝነኛ ሐይቅ ስለሚወድ ይሄኛው ጸጥ ያለ ነው አለችኝ። እሷ የምታየው ዝናቡን፣ ትኬቱን፣ ለወንድሟ የሚሆን መጫወቻ መኖሩን ነበር። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነበር።

ስለኛ ስለ ሐበሾች አንድ ነገር ልናገር። አውሮፓ ለኛ አገር አይደለም፣ የዘመድ አድራሻ ነው። ፍራንክፈርት ማለት የአጎት ልጅ ማለት ነው፣ ስቶክሆልም የክርስትና እናት፣ ለንደን ግማሽ ሰፈር። እነዚህ ከተሞች ሄደህ ሆቴል ካደርክ ሰው ሰድበሃል። ከኤርፖርት ይወስዱሃል፣ ባልና ሚስቱ አልጋቸውን ለቀውልህ ሳሎን ይተኛሉ፣ በማግስቱ ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ቤት ምሳ። ሙዚየሙን በመኪና መስኮት አይተኸው ታልፋለህ። ስለዚህ ልጄ አንድ ቦታ በጠራች ቁጥር እኔ ስልኬ ላይ የከተማውን ስም ከ“የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን” ጋር አድርጌ እፈልግ ነበር። ከወጣ ያ ቦታ ተሰረዘ ማለት ነው። ቦሂንን ስፈልግ ምንም አልወጣም። በጣም ደስ አለኝ።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ያስቅ ነበር። የምሸሸው ግን የአጎት ልጅ አልነበረም። የምሸሸው እህቴን ነው።

እህቴ የምትኖረው ጣልያን ውስጥ፣ ፓዶቫ ነው። እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ ሰባት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ ትምህርቴን እንድጨርስ ብላ ቤይሩት ሰው ቤት ሠራች፣ ከዚያ ጣልያን ገባች፤ እኔ ደግሞ በኬንያ በኩል በስደት አሜሪካ ደረስኩ። እሷ እስካሁን እዚያው ጣልያን አንዲት ባልቴት ትጦራለች፤ የምታድረውም ባልቴቷ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አላገባችም፣ አልወለደችም። እኔ ከማግባቴ በፊት አንዴ ሄጄ አይቻታለሁ። ሦስት ቀን አለቀሰች። አልጋዋን ለቃልኝ መሬት ላይ ተኛች፤ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏት ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ልጅ ሆኜ የተቃጠልኩበትን ጠባሳ እግሬ ላይ ስትፈልግ ነቅቼ አይቻታለሁ። ስሰናበታት፣ ሁለተኛ አውሮፓን ከረገጥክ መጀመሪያ እኔ ጋ አለችኝ። ማልኩላት።

እንደዚያ መወደድ ይከብዳል። ይህን ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን እውነቱ ይሄው ነው። ከሳህ፣ መነመንክ፣ ብላ እንጂ የሚለኝ ሰው የሌለበት አንድ ሳምንት ፈለግሁ። ሌላም አለ። ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም፤ በቪዲዮ ስታናግራቸው እጃቸውን አወዛውዘው ይሸሻሉ። እሷ ደግሞ የኔ ልጆች ነው የምትላቸው። ፊት ለፊት ተቀምጣ አንድ ቃል ሲያጡላት ፊቷን ማየት አልፈለግሁም።

ባለቤቴ ካርታውን እንዳየች ወዲያው፣ ለእታለም ደውልላት፣ ቅርብ አይደለም እንዴ አለችኝ። እሺ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ስትጠይቀኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ደወልኩላት፣ አሠሪዎቿ ፈቃድ ከለከሏት አልኳት። ባለቤቴ አዘነችላት። ምን ዓይነት ልብ የሌላቸው ሰዎች ናቸው ብላ የማታውቃቸውን ጣልያኖች ረገመች። ዝም ብዬ አስረገምኳቸው።

ሁለተኛው ውሸት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ሳን ሆዜ አውቶቡሶቻችንን የምናቆምበት ግቢ ውስጥ አዲስ አበባ ያደጉ ኤርትራዊ ሽማግሌ አሉ፤ እንደኔው ሾፌር ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። የእረፍቴን ሳምንት እንዲሸፍኑልኝ ለመንኳቸው። እሺ ካሉኝ በኋላ ወዴት ነው አሉኝ። አውሮፓ ስላቸው ፊታቸው በራ።

“እህትህ ጋ ነዋ?” አሉኝ።

“አዎ” አልኳቸው።

ምን ልበላቸው? ሁዳዴ ጾም ላይ እህቴን ዘልዬ ሐይቅ ልዋኝ ነው ልበላቸው? ጋሼ መረቁኝ። እግዜር ያገናኛችሁ፣ ስታይህ ዕድሜዋ ይጨምራል አሉኝ። አሜን ብዬ አውቶቡሴ ውስጥ ገባሁ።

ሐይቁ ልጄ እንዳለችው ነበር። ሆቴሉ ውስጥ ከኛ ሌላ ሁለት ጀርመናውያን ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ውሃው ላይ አንድ ሰው አይታይም፤ ወንዱ ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ድንጋይ እየወረወረ ስንቴ እንደሚነጥር ይቆጥራል። ባለቤቴ ስንጋባ ያየሁትን ሳቅ ሳቀች። ደስ ብሎን ነበር፣ አልዋሽም።

በሦስተኛው ቀን ሴት ልጄ የተከራየነው መኪና ውስጥ ካርታውን ስታይ ቆይታ፣ ፓዶቫ እኮ ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው አለችኝ፤ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ። እሷ ፈቃድ ካጣች እኛ ለምን ለአንድ ሰዓት አንሄድም? መንገዱ ጠመዝማዛ ነው አልኳት። ሃያ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ። ቁማር የሚጫወቱ ሰዎችን ከኦክላንድ ቁማር ቤት የሞላባት ሬኖ ከተማ አድርሼ በዚያው ቀን ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ እሱም ያው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ልጄ ይህን ታውቃለች። ካርታውን ዘጋችው።

በዚያ ሳምንት እህቴ አልደወለችም። በየሁለት ቀኑ የምትደውል ሰው ናት። አለመደወሏን እንደ በረከት ቆጠርኩት።

ቤታችን በተመለስን በማግስቱ፣ እሁድ ረፋድ ላይ፣ በባለቤቴ ስልክ በቪዲዮ ደወለች። ባለቤቴ ስልኩን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ከስኳሩ ጣሳ ጋር አስደግፋ አቆመችው። አራታችንም እዚያው ነበርን። የእህቴን ፊት ሳይ ደነገጥኩ፤ ያረጀች መሰለኝ።

“ወንድምዓለም፣ ደህና ናችሁ? ምን ገጥሟችሁ ነው የቀራችሁ?” አለችኝ።

ሁሉንም ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። የጋሼ የእህት ልጅ ፓዶቫ ከእሷ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ታስቀድሳለች። ጋሼ በስልክ ለእህታቸው ልጅ፣ እሷ ለእታለም፤ ወንድምሽ ልጆቹን ይዞ አንቺ ጋ እየመጣ ነው፣ በገዛ አፉ ነው የነገራቸው ተባለች። እሷም ሰርፕራይዝ ሊያደርገኝ ነው ብላ ደስታውን እንዳላበላሽበት አልደውልም አለች። ከባልቴቷ ልጆች የሳምንት ፈቃድ ወሰደች። የጓደኛዋን ቤት ቁልፍ ተቀበለች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያ እየሄደች ቆመች። እናንተ በር ስታንኳኩ እኔ ጣቢያ ብሆንስ ብላ ከሐሙስ ጀምሮ ቤት ተቀመጠች። ይህን ስትናገር ትስቅ ነበር፤ በራሷ ነበር የምትስቀው። ስልኩን አዙራ በሩ አጠገብ አራት ጥንድ የቤት ጫማ አሳየችን፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድረው። የልጆቹን ቁጥር ከፎቶ ገምቼ ነው የገዛሁት አለች።

ባለቤቴ ወደኔ ዞረች። ፈቃድ የሚለውን ቃል ሰምታለች። እጇን በፎጣ ማድረቅ ጀመረች፣ እጇ ግን ደረቅ ነበር።

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። እታለም ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ሦስት ቃል ነው። በምትኩ ከአፌ የወጣው፣ ልጁ ታሞብን ነው የሚል ነበር። ልንነሳ ስንል ትኩሳት ያዘው አልኩ። ልጁ አጠገቤ ቆሟል፤ የሐይቁ ፀሐይ አፍንጫውን ልጦታል።

“ውይ በሞትኩት” አለች እህቴ። “የት አለ? እስቲ ወደዚህ አምጣልኝ።” ልጄን ፊቷ አቆምኩት። “አሞህ ነበር እንዴ፣ የኔ ጌታ?”

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። የተባለውን በደንብ ሰምቷል። እንግሊዝኛ እንኳ አልሞከረም።

“አዎ” አላት።

እህቴ አለቀሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ መለሰልኝ አለች። ሴት ልጄ ወንበሯን ገፍታ ወደ ክፍሏ ገባች። እህቴ እንባዋን እየጠረገች የልጁን የክርስትና ስም ንገሩኝ፣ በየሳምንቱ ቅዳሴ ላይ ለሕሙማን ሲጸለይ አስጠራዋለሁ፣ እስኪድን ድረስ አልተውም አለችን። ባለቤቴ ስሙን ልትነግራት ትችል ነበር። ለኔ ተወችልኝ። ነገርኳት።

ፋሲካ አለፈ። ጫማዎቹ በፖስታ መጡ፤ የልጁ ጠቦታል፣ የሌሎቻችን ልክ ነው። እኔ የኔን እስካሁን አላደረግሁትም። ባለቤቴ ስለዚያ ቀን አንዴ ብቻ ነው ያነሳችብኝ፤ እነዚያን ሰዎች በከንቱ አስረገምከኝ አለችኝ። ሴት ልጄ ግን አሁን የሆነ ነገር ስነግራት እናቷን ደግማ ትጠይቃለች።

አንድ እሁድ ኦክላንድ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ ወጥተን መኪና ማቆሚያው ላይ ወንዱ ልጄ እጄን ጎተተኝ። ውስጥ የሕሙማን ስም ሲጠራ ሰምቷል።

“አክስቴ አሁንም እየጸለየችልኝ ነው?” አለኝ በእንግሊዝኛ። አዎ አልኩት። አሰበና፣ “ድኗል በላት፣ እንድታርፍ” አለኝ።

እዚያው ቆሜ ደወልኩላት። በዚህ ጊዜስ እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ ነበር፣ በልጄ ራስ እምላለሁ። “እታለም፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው” አልኳት።

“ልጁ ምን ሆነ?” አለች። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ እናታችን ሞተች ብላ ስትነግረኝ የሰማሁት ድምፅ ነው።

“ተሽሎታል” አልኳት። “ልጁ ድኗል።”

ስልኩ ውስጥ እልል አለች። በረጅሙ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት፣ ደግማ ደጋግማ። አጠገባችን መኪናቸውን የሚከፍቱ ሴቶች ዞረው ፈገግ አሉ፤ አንዷም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራት እልል አለች። ልጄ ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቀኝ። ደስ ብሏት ነው አልኩትና እልልታዋ እስኪያልቅ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምኩ።