ሰላምታ የሌለው ስልክ

በመጀመሪያው ፈተና የወደቅኩት በሦስት ደቂቃ ነው። ኬብሉን ቀጥያለሁ፣ ብልሽቱን አግኝቻለሁ፣ መስመሩም ሠርቷል። ሦስት ደቂቃ አሳለፍሽ ተብዬ ወደቅኩ። ዛሬም ሰው "ሦስት ደቂቃ ደግሞ ምን አላት" ሲል ከሰማሁ ደሜ ይፈላል።

ዘመኑ ደርግ ነው። ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍቼ፣ ፊቴ ካለው ሰሌዳ ገመድ እየነቀልኩና እየሰካሁ፣ ጫጫን ከአዲስ አበባ፣ አንኮበርን ከደብረ ብርሃን ሳገናኝ እውላለሁ። አንድ ቀን አለቃችን ሰበሰበንና አውቶማቲክ መሣሪያ ሊመጣ ስለሆነ ኦፕሬተር ይቀነሳል፣ የተረፈው ወደሚፈለግበት ክፍለ ሀገር ይመደባል አለን። ወደሚፈለግበት ማለት ሩቅ ማለት እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። እዚሁ መቅረት የፈለገ የመስመር ቴክኒሻንነት የተግባር ፈተና ይውሰድ ተባለ። ለደብረ ብርሃንና ለአንኮበር መስመር አንድ ቦታ ነበረች። መፈተን የሚቻለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቴ የወደቀ ሻንጣውን ያዘጋጃል።

እኔ ደግሞ ሻንጣ የማዘጋጅበት ሁኔታ ላይ አልነበርኩም። እናቴ አንኮበር ብቻዋን ነበረች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ደጅ የምትወጣው ግድግዳ እየዳበሰች ነው። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። በየአሥራ አምስት ቀኑ በአውቶቡስ እሄድና እህሏን አስፈጭቼ፣ ልብሷን አጥቤ፣ እንጨቷን ፈልጬ እመለሳለሁ። ሌላ ክፍለ ሀገር ከተመደብኩ ይህን ማን ያደርጋል? ይህን ማሰብ ስጀምር መተኛት አልችልም ነበር።

በመሀል ባሉት ቀናት ከእናቴ ጋር የሚያገናኙኝ የአንኮበሩ ስልክ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታቸው የደረሰ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ እላቸዋለሁ። ረቡዕ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ቤቷ ድረስ ሄደው፣ እጇን ይዘው፣ ያንን አቀበት አውጥተው ስልኩ ዘንድ ያመጡልኛል። ማንም አላዘዛቸውም። የእሳቸውም አንድ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ምናልባት ለዚህ ይሆናል፣ የሌላ ሰውን ልጅ ድምፅ ለእናት ማሰማት ደስ ይላቸው የነበረው።

የአባባ ሰላምታ ግን ረጅም ነው። ስልኩን እንዳነሱ ወደ ጉዳዩ መግባት ነውር ነው። እንደምን አደርሽ ይላሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ብርዱ እንዴት ይዞሻል ይላሉ፤ ደህና ነው፣ እናንተ ዘንድስ ጉሙ እላለሁ። እናትሽን ትናንት ቤተ ክርስቲያን ደጅ አይቻታለሁ፣ ደህና ናት ይላሉ። እዚህ ላይ ተራው የእኔ ነው፦

"አባባ፣ ከልጅዎ ደብዳቤ መጣ?"

"ይመጣል፣ ልጄ። ይመጣል።"

ይህ ካልተባለ ሰላምታው አላለቀም። የአሊዩ አምባ ነጋዴ መስመር ይዞ ሲጠብቅ እንኳ እኛ ይህንን ሳንጨርስ አናገናኘውም ነበር። ነጋዴውም አይቆጣም፤ እሱም ተራው ሲደርስ ከአባባ ጋር ያንኑ ያህል ይቆያል።

ፈተናው ሁለት ሰዓት ነው። ሃምሳ ጥንድ ሽቦ ያለበት የተቆረጠ ኬብል ይሰጥሻል። ትልጪዋለሽ፤ ጥንዶቹን በቀለማቸው ለይተሽ ከወዲያኛው ጫፍ ጋር ትቀጥያለሽ፤ ከዚያ ማገናኛ ሰሌዳው ላይ ታስሪያለሽ፤ ፈታኞቹ ሆን ብለው ያበላሹትን ሁለት ቦታ ፈልገሽ ታስተካክያለሽ። መጨረሻ ላይ በሠራሽው መስመር ትደውያለሽ፤ ለእያንዳንዱ ተፈታኝ የተለየ ስልክ ቤት ይደርሰዋል፣ የእኔ አንኮበር ነበር። አባባ ፈታኞቹ አስቀድመው የነገሯቸውን ስድስት አኃዝ ያነቡልሻል፤ ጽፈሽ ታስረክቢያለሽ። ሰዓቱ የሚቆመው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ስፈተን ስልኩን ያነሳሁት ልክ አምስት ደቂቃ ሲቀረኝ ነበር። አባባም "እንደምን አደርሽ" ብለው ጀመሩ። ፈታኙ ሰዓቱን እያየ ነው። ብርዱን ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ስለ እናቴ ነገሩኝ፤ አመሰገንኩ። ደብዳቤውን ጠየቅኩ። አዎ፣ ጠየቅኩ! ሽማግሌ "እንደምን አደርሽ" እያለኝ አኃዙን ያንብቡልኝ የሚል አፍ አልነበረኝም። የጥሪው ጊዜ ስምንት ደቂቃ ተብሎ ተመዘገበ።

ለፈተናው የሚያዘጋጀን አሰልጣኛችን ውጤቱን ሲያይ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ከጫጫ ወዲህ ካለ የስልክ እንጨት ላይ ወድቆ አንድ እግሩን የሚጎትት፣ አመለ ቆምጣጣ ሰው ነበር።

"እጅሽ አልጣለሽም" አለኝ። "የጣለሽ አፍሽ ነው።"

"ምን ላድርግ? ጆሯቸው ላይ ልዝጋባቸው?"

"አዎ!"

እኔም ቁጡ ነኝ፤ ፒንሳዬን ወርውሬ ወጣሁ። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሁለተኛው ፈተና ሦስት ወር ነበር የቀረው፤ የምኮራበት ጊዜ አልነበረኝም።

ሁለቱን ሰዓት በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከፋፈለልኝ። ለመላጥ አሥር ደቂቃ፣ ለመቀጠል ስልሳ፣ ለማሰር ሃያ አምስት፣ ብልሽት ለመፈለግ ሃያ፣ ለጥሪ አምስት። የጠረጴዛ ሰዓቱን ግን ከኋላዬ አስቀመጠው። ዘወር ባልኩ ቁጥር "ሽቦው እዚያ ነው ያለው?" ይላል። አንድ ጥንድ ጠፍቶብኝ መፈለግ ከጀመርኩ በእርሳስ እጄን መታ ያደርገኛል። "የጠፋውን ምልክት አድርጊና እለፊ። ሌሎቹ ሲያልቁ የቀረው እሱ ብቻ ስለሚሆን ራሱ ይገኛል።" የደብረ ብርሃንን ጠዋት ለሚያውቅ ሰው ሌላኛውን ልምምድ መንገር አያስፈልግም፦ ውርጭ ያደረበት ውኃ ውስጥ ጣቶቼን አስነክሮ፣ ቀይ ሲሆኑ "ጀምሪ" ይለኛል። የፈተናው አዳራሽ ብርድ ጣቴን እንዳያስረው ነው። አልቅሼ አውቃለሁ። እየተሳደብኩ ያለቀስኩባቸው ቀናት ይበዛሉ።

ከሁለት ወር በኋላ ቀለሞቹን ሳላስብ መለየት ጀመርኩ። መቀጠሉ ከስልሳ ወደ ሃምሳ ስምንት ወረደ። ከዚያ ወዲህ አልወርድ አለ። የምቆርጠው ሌላ ቦታ የለም፤ የቀረው ሰላምታው ብቻ ነው።

በፈተናው ዋዜማ ደወልኩላቸው። ሰላምታውን አንድም ሳላጎድል ጨረስኩና፣

"አባባ፣ ነገ ፈተናዬ ነው" አልኳቸው። "ነገ ሰላምታ እንዳይኖር። ስደውል አኃዙን ብቻ ያንብቡልኝ። በእናቴ ሞት!"

ሳቁ። "ሰላምታ የሌለው ስልክ ደግሞ ምን ስልክ ነው? ይሄም የአብዮቱ መመሪያ ነው?"

"የእኔ መመሪያ ነው፣ አባባ።"

"እሺ፣ ልጄ። ከጠዋት ጀምሬ ከስልኩ አልነሳም። አንድ ቃል አልጨምርም። ስትጨርሺ ግን የቀረውን ሰላምታ ደውለሽ ታሟያለሽ።"

"አሟላለሁ" አልኩ።

በነጋታው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ቆመናል። ከመጀመራችን በፊት ከአውራጃ የመጡ አንድ ጓድ ስለ አብዮታዊ የሥራ ዲሲፕሊን ንግግር አደረጉ። ከዚያ ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር አሰማን። ንግግሩ በረዘመ ቁጥር ጣቴ እየደነዘዘ ነው። ክንዴ ሥር ወሽቄ አሞቃቸዋለሁ፣ መፈክር ሲባል አነሳለሁ፣ መልሼ እወሽቃለሁ። በልቤ ስንቱን እንደተሳደብኩ እግዚአብሔር ያውቃል።

"ጀምሩ!" ተባለ።

የላጥኩበትን አላስታውስም። ስቀጥል ሃያ ሰባተኛው ጥንድ ጠፋኝ። በእርሳስ የምትመታኝን እጅ አስታውሼ ምልክት አድርጌ አለፍኩ። መጨረሻ ላይ፣ እንደተባለውም፣ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። ማሰሩ ላይ አንዱ ጥፍሬ ተሰንጥቆ ደማ፤ ደሙን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ። የመጀመሪያውን ብልሽት ወዲያው አገኘሁ። ሁለተኛው አልገኝ አለ። ከሰሌዳው ጫፍ ጀምሬ አንድ በአንድ ስነካካ፣ ሽፋኑ ሳይነካ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ ሆኖ ተገኘ። የስልኩን ማዞሪያ ስይዝ አንዱ ፈታኝ "ስድስት ደቂቃ" አለ።

አዞርኩ። አይነሳም። እንደገና አዞርኩ። የት ሄዱ? ከስልኩ አልነሳም አላሉኝም? ሦስተኛ ላዞር ስል ተነሳ።

"አንኮበር" አሉ። ድምፃቸው ወፍሯል፤ ጉንፋን ይዟቸዋል ብዬ አሰብኩ።

"አኃዙን ያንብቡልኝ" አልኩ። አባባ እንኳ አላልኩም።

አነበቡ። አራተኛው ላይ ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና አራተኛውን ደገሙት። ስድስቱን ጻፍኩ። መልሼ አነበብኩላቸው። "ልክ ነው" አሉ።

መስመሩ ላይ የአንኮበር ነፋስ ይሰማኛል።

"ሌላ የምትፈልጊው የለም?"

"የለም" አልኩና ዘጋሁ።

ወረቀቱን አስረከብኩ። ፈታኙ ሰዓቱን አይቶ ጻፈ፦ አራት ደቂቃ ቀድማ ጨርሳለች። ሌሎቹ እስኪጨርሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ የደማ ጣቴን እየጠባሁ ጠበቅኩ። አሰልጣኛችን በመስኮት አየኝና ሳቅ ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የዚያን ዕለት ከሰዓት ውጤቱ ተነገረ፤ ቦታዋ የእኔ ሆነች። ጓደኞቼ እራት ጋበዙኝ፣ ስንጫወት አመሸን። ሰላምታውን ለማሟላት አልደወልኩም። ከነገ ወዲያ አንኮበር እሄድ የለ፣ በአካል አሟላለሁ ብዬ ነው።

ቅዳሜ አውቶቡሱ አንኮበር ሲያደርሰኝ ስልክ ቤቱ ዝግ ነበር። እናቴ ቤት ስገባ ነጠላዋን ለኀዘን ዘቅዝቃ ለብሳ አገኘኋት።

"አለፍኩ፣ እማዬ!" አልኳት።

"እሰይ፣ ልጄ" አለችና ማልቀስ ጀመረች። የደስታ መስሎኝ ነበር።

የአባባ ልጅ ሞቷል። መርዶ እኛ አገር የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሽማግሎች ተሰብስበው፣ ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ባለበት። የአባባን መርዶ ግን ያመጣው ስልካቸው ነው። በፈተናዬ ቀን ጠዋት ለቀበሌው ሊቀመንበር የሚደርስ መልእክት ጻፉ ተብለው፣ እንደ ማንኛውም መልእክት ወረቀት አውጥተው መጻፍ ጀመሩ። የገዛ ልጃቸውን ስም በገዛ እጃቸው ጻፉ። ወረቀቱን ለሊቀመንበሩ ቢያደርሱ ወዲያው አገሩ ይሰበሰባል፣ ስልክ ቤቱ ይዘጋል፣ የእኔም ጥሪ መልስ ያጣል። ስለዚህ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እኔ እስክደውል ድረስ ከስልኩ አጠገብ ብቻቸውን ተቀመጡ። አኃዙን አንብበውልኝ ስዘጋው ነው ተነስተው የሄዱት።

ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። ምንም ሳልቀምስ ተነሳሁ። እጇን ይዤ ለቅሶ ቤት ሄድን።

አባባ ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሎች መሀል ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸው ጀመሩልኝ።

"እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ብርዱ እንዴት ይዞሻል?"

"ደህና ነው፣ አባባ።"

"እናትሽ ደህና ናት፤ ይኸው ይዘሻት መጣሽ።"

ተራው የእኔ ነበር። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ስለ ልጃቸው ደብዳቤ እጠይቃለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ የምለው ቃል የለም። አባባ ጠበቁኝ። ሲጨንቀኝ አይተው እሳቸው ወሬውን ወደ ሌላ ወሰዱት።

"ፈተናውስ? አለፍሽ?"

"አለፍኩ።"

"ሰዓቱ በቃሽ?"

መዋሸት እችል ነበር። ለጥቂት ነው የደረስኩት፣ አንዲት ቃል ብጨምር እወድቅ ነበር ብላቸው ደስ ይላቸው ይሆናል። ግን እጄን ይዘው እያዩኝ ነበር።

"አራት ደቂቃ ተረፈኝ፣ አባባ" አልኳቸው።

"ጎሽ" አሉ። እጄን አልለቀቁትም።