መቶ አለቃው ያዋሰኝ ልብ ወለድ

የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቴን ለመፈጸም ደብረ ማርቆስ እያስተማርኩ ሳለሁ ፖሊሶች ያዙኝ፤ ጠመኔው በእጄ ነበር። በተማሪዎች መካከል ስለ መሬት የሚናገር ወረቀት ተበትኖ ነበርና።

ያስገቡኝ ክፍል እርጥብ ጭቃ ይሸታል። ብርሃን የሚገባው ከበሩ በላይ ባለች ቀዳዳ ብቻ ነው። ሰሌኑ ላይ ሁለት ሴቶች አገኘሁ፦ በመሬት ክርክር ዳኛ ሰደቡ ተብለው የታሰሩ የአማኑኤል ከተማ አሮጊትና ያለ ቀረጥ ጨርቅ ሸጠሻል የተባለች የጉንደ ወይን ነጋዴ።

መርማሪዬ እንግሊዝኛ በመቻሉ የሚኮራ መቶ አለቃ ነበር። የፈለገው አንድ ስም ነው፤ ወረቀቱን ያባዛው ማን ነው? ያባዛው ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሒሳብ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነበር። ሳስተምር ድምፄ ከፊተኛው ወንበር አያልፍም፤ መቶ አለቃውም ይህን ሰምቶ ኖሮ ብዙ የማስቸግረው አልመሰለውም። አልጮኸብኝም። ከመሳቢያው ልብ ወለድ አውጥቶ ሰጠኝ።

«መጨረሻውን ልብ ብለሽ አንብቢ» አለኝ። «ሰው ከተናገረ በኋላ እንዴት እንደሚቀለው ታያለሽ።»

ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ የስዊድን የወንጀል ታሪክ ነው። በየገጹ በረዶ ይወርዳል፤ በየገጹ መርማሪው ይተክዛል። በአንዲት ትንሽ ከተማ መድኃኒት ሻጭ ይገደላል፤ ገዳዩን የሚጠረጥር አንድ ሰው እንኳ አይገኝም። ደራሲው ትንሽ ከተማን የሚያውቃት በባቡር መስኮት መሆን አለበት።

«ምን ይላል? ለእኛም ንገሪን እንጂ» አለች ነጋዴዋ። ነገርኳቸው።

«መርማሪው ለምን ያዝናል?»

«ሚስቱ ጥላው ሄዳለች።»

«ብልህ ናት!»

አሮጊቷ ግን አልሳቁም። «ጎረቤት የለም እንዴ እዚያ አገር?»

«አለ፣ እማማ። ግን አይነጋገሩም።»

«ታዲያ ሟቹን ማን ቀበረው?»

መጽሐፉን አገላበጥኩ። ስለ ቀብር አንድ መስመር የለም።

መጨረሻው የባሰ ነው። መርማሪው ገዳዩ ቤት ሄዶ ዝም ብሎ ያየዋል። ገዳዩ ይህን ያህል ምዕራፍ ደብቆ የኖረውን ሁሉ ዘርግፎ ያለቅሳል።

«ሳያስምሉት?» አሉ አሮጊቷ።

«ሳያስምሉት።»

«በእኛ አገር አውጫጭኝ ሲጠራ አገሬው ሁሉ ሜዳ ላይ ይከተታል። ወንጀለኛው ካልወጣ ወደ ቤት መግባት የለም። እህሉ በማሳው ይረግፋል፣ ከብቱ ይጠማል፣ ዝናቡ ይወርዳል። እንዲያም ሆኖ የማይናገር አይናገርም። ይኼ ፈረንጅ ስላዩት ብቻ ተናገረ?»

«ዓይን አፋር ይሆናላ» አለች ነጋዴዋ፤ ወደ እኔም ሰረቅ አድርጋ አየችኝ። ሦስታችንም ሳቅን። ዘበኛው በሩን በዱላ መታ።

በማግስቱ መቶ አለቃው ፊት ቀረብኩ። ብዕሩ ተከፍቶ ነጭ ወረቀት ላይ ተቀምጧል።

«እህስ፣ መጨረሻው?»

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «አይታመንም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሰውየውን የሚያናግረው ምንም ነገር የለም። የተናገረው ደራሲው ስለ ደከመው ነው።»

ዝም ብሎ አየኝ። ልክ እንደዚያ እንደ መርማሪው፤ ሲያጠናው የከረመ ይመስላል። እኔ ደግሞ ጠረጴዛውን አየሁ። ቆይቶ መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋው።

«እንደገና አንብቢው።»

አቧራውን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ በሁለት እጄ መለስኩለት።

«አንድ ጊዜ ይበቃዋል፣ ጌታዬ።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ አሮጊቷ ምን እንዳልኩት ጠየቁኝ። መጽሐፉ መጥፎ መሆኑን ነገርኩት አልኳቸው።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ከሰሌኑ ወደ ዳር ፈቀቅ ብለው ደረቁን ቦታ ለቀቁልኝ።

በኋላ ያለ ፍርድ ተፈታሁ። ጓደኛዬ ዛሬም ሒሳብ ያስተምራል። በቅርቡ አዲስ አበባ አንድ የመጻሕፍት መደብር ውስጥ ያንኑ ልብ ወለድ አገኘሁት። ያኔ የፈረድኩበት በእስር ምሬት ይሆን ብዬ የመጨረሻውን ምዕራፍ ቆሜ አነበብኩ። አልነበረም። አሁንም መጥፎ ነው።

«ታውቂዋለሽ?» አለኝ ሻጩ። «እኔ እንኳ ገና መካከሉ ላይ ነኝ። ገዳዩ ማን ነው?»

«አውቀዋለሁ» አልኩት፤ መጽሐፉንም ወደ መደርደሪያው መልሼ ወጣሁ።