ከካሴቱ የጎደለው ጊታር

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ እዚሁ ፍራንክፈርት፣ አራት ሆነን አንድ የሮክ ካሴት ሠርተን ነበር። አራታችንም ተማሪዎች፣ አራታችንም አገር መግባት የማንችል፣ አራታችንም ትልቅ ሙዚቀኛ ነን ባዮች ነበርን። የመጨረሻው ዘፈን ላይ የሊድ ጊታሩን ሶሎ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ጡረታ ወጥቼ፣ ቦርንሃይም ሰፈር ወዳለው ሦስተኛ ፎቅ ቤቴ ስወጣ ሁለት ቦታ የማርፍ ሰው ነኝ። ብዙ ነገር ሰልችቶኛል፤ ይህን ተሸክሞ መዞር ግን ከሁሉም በላይ አድክሞኛል።

ካሴቱን ስንቀዳ አንስማማም ነበር። ድራመኛው ሲያረፍድ ቤዝ የሚመታው ይሳደባል። እኔ ኪቦርዴ አልተሰማም ብዬ አኮርፋለሁ። ጊታሪስቱ ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ከስድብ ይብሳል። አንድ ጊዜ ነገሩ ሲከር ሦስት ሽማግሌዎች ስቱዲዮ ድረስ መጡልን። ከሮክ ጋር ምንም ትውውቅ የላቸውም። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው የሁላችንንም ሰሙና «ጊታሩም ይኑር፣ ኪቦርዱም ይኑር፣ ማንም የማንንም አይንካ» ብለው ፈረዱ። ተሳስመን ይቅር ተባባልን።

በዚያው ሳምንት የጊታሪስቱ እናት አገር ቤት አረፉ። ሄዶ መቅበር አልቻለም። መርዶውን በሰማ በሦስተኛው ቀን ስቱዲዮ መጥቶ ሶሎውን አንዴ መታው፤ ድገመው ብንለው እምቢ አለ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም፤ በቅናት የተቃጠልኩትም ለዚህ ነው። ሚክስ ሲደረግ፣ ጀርመንኛ ከሁላችንም የምሻለው እኔ ስለነበርኩ፣ ከድምፅ ባለሙያው ጋር ብቻዬን ተቀመጥኩ። «ጊታሪስታችን ሶሎው ይውጣ ብሏል፤ በቦታው ኪቦርድ ይግባ» አልኩት። ሰውየው እርግጠኛ መሆኔን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለቴም አዎ አልኩ።

ካሴቱ ሲወጣ ጊታሪስቱ ሆኽስት በሚባለው ሰፈር፣ ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ፣ የፈረቃ ሥራ ጀምሮ ነበር። ልምምድ መምጣት ተወ፤ ባንዱም ፈረሰ። ካሴቱን ሰምቶ፣ ሥራዬን አውቆ፣ ንቆኝ ነው የቀረው ብዬ ደመደምኩ። ቤተ ክርስቲያን ሳየው በሌላው በር እወጣለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ወጊው ግን አንድ ቀን እንኳ አልረሳሁትም።

በቅርቡ የድሮ ሙዚቃ የሚያሳትም አንድ ሰው ካሴቱን እንደገና ላውጣው ብሎ የአራታችንን ፊርማ ፈለገ። ዋናው ቴፕ ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁት። ስቱዲዮው ሲዘጋ አብሮ ተጥሏል፣ የተረፈው ካሴቱ ብቻ ነው አለኝ። የፊርማውን ወረቀት ይዤ ሆኽስት፣ ጊታሪስቱ ቤት ሄድኩ። ወረቀቱ ሰበብ ነው፤ የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቅ ነው።

በሩን የከፈተችልኝ ሴት ልጁ ነች። «ጋሼ፣ ይግቡ። ፓፓ ዛሬ የዲያሊዘ ቴርሚን ነበረው፣ ደክሞታል» አለችኝ። ኩላሊቱን ሊታጠብ በሳምንት ሦስት ቀን ቀጠሮ አለው። ብርድ ልብስ ደርቦ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ በጣም ከስቷል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ይህን ነበር ያልጠበቅሁት።

«ምን ባደርግህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የጠፋኸኝ?» አለ።

«ካሴቱ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አለኝ እኮ! ላስቲኩን እንኳ አልቀደድኩትም። እናቴን ያለቀስኩበት ነው፤ መልሼ ልሰማው አቅም አጣሁ። ልጄን ግን አንድ ቀን አሰማሻለሁ እላታለሁ። አያትሽን እዚያ ታገኛታለሽ እላታለሁ።»

«አሳታሚው ዘፈኑን ለፓፓም በስልክ ልኮለታል» አለች ልጁ። «ጋሼም አሉ፤ ዛሬ እንስማው፣ ቢተ» ብላ ለመነችው።

እሱም እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቆይ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ያኔም ፈሪ ነበርኩ፣ ዛሬም ፈሪ ነኝ።

ዘፈኑ ጀመረ። ዓይኑን ጨፍኖ የግራ እጁን ጣቶች ብርድ ልብሱ ላይ ያንቀሳቅሳል፤ ሁሉንም ያስታውሰዋል። ሶሎው ጋ ሲደርስ የእኔ ኪቦርድ ገባ። እንዴት ያለ ርካሽ ድምፅ ነው! ጣቶቹ ቆሙ። እሱ ግን አላቋረጠም፣ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«እኔ የት አለሁ?» አለ።

«አስወጣሁህ። ቀንቼብህ ነው። ራሱ ይውጣ ብሏል ብዬ፣ በስምህ ዋሽቼ አስወጣሁህ። ይቅር በለኝ።»

ልጁ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። በሰደበኝ፣ ከቤቴ ውጣ ባለኝ ብዬ ተመኘሁ። አልተቆጣም። የብርድ ልብሱን ጫፍ ወደ ደረቱ ሳበ።

«ለእናቴ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላለቀስኩም» አለኝ። «አልቅሼላታለሁ ብዬ ነዋ።»