የጋሽ ካሣ አርብ

ጋሽ ካሣን መጀመሪያ ያወቅኩት በባርኔጣው ነው። ስሙን ሳላውቅ በፊት ባርኔጣውን አወቅኩት። የሣር ባርኔጣ ነው፣ ጫፉ ተበልቶ በጥቁር ክር የተሰፋ። እኔ ለሠራተኛው መሣሪያ የማወጣ ነኝ፣ የመሣሪያ ክፍሉ መስኮት ጀርባ ነው የምቀመጠው። ውጪው ፀሐይ ስለሆነ የሚመጣው ሰው ፊቱ ጨለም ብሎ ነው የሚታየኝ። ባርኔጣው ግን ከሩቅ ይለያል።

ሥራችን የዕቃ ባቡር ፉርጎ መጠገን ነው። የድርጅቱን ስም አልጽፍም፣ እንጀራዬ ነው። ጋሽ ካሣ ፉርጎው በክሪክ ከተነሳ በኋላ ከሥር ገብቶ ፍሬኑን የሚፈታ፣ የሚያጠብቅ ሠራተኛ ነበር። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። አባቱም በድሮው ባቡር ሠርተዋል። ብዙ አያወራም። ከኔ ጋር ብቻ በሶማልኛ ያወራል፣ እሱንም ሳይችል ነው። "ሃሊሞ፣ መፍቻ ስጪኝ" ለማለት ፈልጎ አንድ ቀን በሶማልኛው "መፍቻ አግቢኝ" አለኝ። ሳቄ አላስቆም አለኝ። አንተ ነው የምለው፣ ድሬ ላይ አንቱታ አይበረክትም።

አብዲቃድር የሚባል ጓደኛ አለው። ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። አብዲቃድር ፀሐይ አይወድም፣ ክረምት ከበጋ ዣንጥላ ይዞ ነው የሚመጣው። ሠራተኛው ይስቅበታል። "አቦ ጥቁረት የሚበቃኝን ያህል አለኝ" ይላል።

ነገሩ የመጣው ከዕረፍት ቀን ነው። ድርጅቱ የዕረፍት ቀን ሲያወጣ ለክርስቲያኑ ካሣ አርብን ሰጠው፣ ለሙስሊሙ አብዲቃድር እሁድን። ማን እንዳወጣው አላውቅም። ሁለቱም ሄደው ቀይሩልን አሉ። "ኮምፒዩተሩ አይቀበልም" ተባሉ። ስለዚህ ራሳቸው ተቀያየሩ። አርብ አርብ አብዲቃድር ሽማግሌ አባቱን ይዞ መስጊድ ይሄዳል፣ ጋሽ ካሣ ይሠራለታል። እሁድ ጋሽ ካሣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ አብዲቃድር ይሠራለታል። መዝገቡ ላይ ደግሞ አንዱ በሌላው ስም ይፈርማል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማንም ክፉ ነገር ነው ብሎ አላሰበም።

ከዚያ አንድ አርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ክሪኩ ተንሸራተተ። እኔ መስኮቴ ላይ ነበርኩ። ድምፁን ሰማሁ፣ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ ጸጥታ። ጋሽ ካሣን ከፉርጎው ሥር ሲያወጡት ቀኝ እጁን በባርኔጣው ሸፍኖት ነበር።

ሁለት ጣት ተቆረጠ። የቀሩት አልታጠፍ አሉ። ሐኪሙ ሌላ ኦፕራሲዮን ከተሠራ ሊታጠፉ ይችላሉ፣ ግን ቶሎ መሠራት አለበት አለ።

በሦስተኛው ቀን የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ነህምያ ወረቀት ይዞ ሆስፒታል መጣ። እኔና አብዲቃድር አልጋው አጠገብ ነበርን።

"ጋሽ ካሣ፣ እግዜር ይማርህ" አለ። "ግን አርብ ዕረፍትህ ነው። ምን ልታደርግ ገባህ?"

ጋሽ ካሣ አብዲቃድርን አየው። በሰው ስም የፈረመ ይባረራል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። አብዲቃድር ስድስት ልጅ አለው።

"ቦርሳ ረስቼ ነው" አለ ጋሽ ካሣ። "ቦርሳዬን ልወስድ ነው የገባሁት።"

አቶ ነህምያ ጻፈው። ጋሽ ካሣ በግራ አውራ ጣቱ አሻራ አደረገበት። አብዲቃድር ቀለሙን ከጣቱ ጠረገለት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ጉዳቱ ከሥራ ጋር አይገናኝም ይላል። ሕክምናውን ራሱ ይቻል፣ የሕመም ፈቃዱ ሲያልቅ መሥራት ካልቻለም ይሰናበት ማለት ነው። ኦፕራሲዮኑም ቀረ ማለት ነው።

ሚስቱ የሺመቤት ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ ነው የምትሸጠው። ደብዳቤውን ይዛ በቀጥታ ወደኔ መስኮት መጣች።

"ሃሊሞ፣ አንቺ እዚህ ነው የምትውይ። ቦርሳ ፍለጋ ፉርጎ ሥር የሚገባ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላየሁም" አልኳት።

"እኔም አላየሁም። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ቦርሳም አይቼበት አላውቅም።"

ስቃ ነው ያለችው። ከዚያ መስኮቱን ተደግፋ አለቀሰች።

የደብዳቤውን ነገር አብዲቃድር ሰማ። ሆስፒታል ሄዶ ጋሽ ካሣን ተቆጣው። "አንተ ደረቅ! እጅህ ሄዶ የኔ ሥራ ይቀመጥ? ማን ለመነህ?" ጋሽ ካሣም "ስድስት ልጅ" አለ። አብዲቃድር ከዚያው ወደ አቶ ነህምያ ቢሮ ሄደ። ቢሮውንም የምጠርገው እኔ ስለሆንኩ ኮሪደሩን እየጠረግኩ ነበር፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሁሉንም አየሁ፣ ሰማሁ።

"ያ አርብ የኔ ነበር። ካሣ ለኔ ነው የሠራው።"

"መዝገቡ አንተ ሠራህ ነው የሚለው። ፊርማህ ይኸው።"

"ወላሂ እኔ መስጊድ ነበርኩ! ፊርማው የካሣ ነው።"

"የካሣ ፊርማ እንዲህ አይደለም። የካሣ የእሁዱ ነው፣ ይኸውልህ።"

"እሱማ የኔ ነው!"

አቶ ነህምያ ብዕሩን አስቀመጠ። "አብዲቃድር፣ ጓደኛህ ስለተጎዳ አዝነሃል። ይገባኛል። ግን እንዲህ ያለ ነገር እኔ ለበላይ ምን ብዬ አቀርባለሁ?"

አብዲቃድር ዣንጥላውን እዚያው ረስቶ ወጣ።

ከዚያ የሺመቤት ሰው ጠይቃ በመንግሥት ቢሮ የሠራተኛ ጉዳይ የምታይ ወይዘሮ ሸዋገነት የምትባል ሴት አገኘች። ቢሮዋ ከዚራ ነው፣ ትልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ። የሺመቤት፣ አብዲቃድርና እኔ ሄድን። እኔ የሄድኩት የሺመቤት እጄን ስለያዘችኝ ነው። ወይዘሮ ሸዋገነት ሰምታ ሰምታ እንዲህ አለች።

"ሰው ሥራ ላይ ከተጎዳ ድርጅቱ ባያጠፋም ኃላፊ ነው፣ ሕጉ ይላል። ሰክሮ ካልሆነ፣ ወይ እያወቀ የተከለከለ ካልነካ በቀር። እናንተ አንዳችሁ በሌላው ስም መፈረማችሁ ጥፋት ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለብቻው ይታያል። አሁን የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ነው። ያ ቀን ካሣ ሥራ ላይ እንደነበረ የሚያሳይ፣ ከአደጋው በፊት የተጻፈ ነገር።"

"ምንም የለም" አለ አብዲቃድር።

እኔ ግን ነበረኝ። ሻሼን አስተካክዬ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ።

ስቀጠር መጻፍ ትችያለሽ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ እችላለሁ ብዬ ነበር። ቁጥር እችላለሁ፣ የቀንም የዕቃም። ስም ግን ያስቸግረኛል። መሣሪያ የወሰደውን ሰው ስም በቅጹ ላይ የሚሞላው ጸሐፊው ነው፣ ሳምንት ሲያልቅ መዝገቡን እያየ። እኔ ደግሞ ዕቃ እንዳይጠፋብኝ በራሴ ደብተር ሥዕል አደርጋለሁ። ለጋሽ ካሣ ባርኔጣ፣ ለአብዲቃድር ዣንጥላ። ሁሉም ሰው የራሱ ሥዕል አለው። ደብተሩን ማንም አይቶት አያውቅም። ቢያዩት መጻፍ እንደማልችል ያውቃሉ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ጠዋት ደብተሮቹን በሻሽ ጠቅልዬ አብዲቃድርን "ባጃጅ ጥራ" አልኩት።

"ወዴት?"

"ዝም ብለህ ጥራ።"

ወይዘሮ ሸዋገነት ደብተሩን ስትከፍት መሬት መሬት አየሁ። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ከዚያ አቶ ነህምያን በስልክ ጠራችው፣ የፊርማውን መዝገብ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ አቶ ነህምያ። "የሕፃን ሥዕል ነው?"

"የኔ ነው" አልኩ። "ባርኔጣው ጋሽ ካሣ ነው፣ ዣንጥላው አብዲቃድር ነው።"

ወይዘሮ ሸዋገነት በጣቷ ታሳየዋለች። ይሄ አርብ፣ መዝገቡ አብዲቃድር ይላል፣ ደብተሩ ባርኔጣ። ይሄ እሁድ፣ መዝገቡ ካሣ ይላል፣ ደብተሩ ዣንጥላ። ገጽ ገለጠች፣ እንደዚያው። ሌላ ገለጠች፣ እንደዚያው። ሦስት ዓመት ሙሉ። አደጋ የደረሰበት አርብ ላይ ደረሰች። ባርኔጣ፣ አንድ ክሪክ፣ ሁለት መፍቻ። ያልተመለሰ ዕቃ ላይ የማደርገው ክብ አለ፣ ክሪኩ ተከቦ ነበር። ያን ቀን ማንም ወደኔ አልመለሰውም።

አቶ ነህምያ ደብተሩን ወደራሱ ሳበ። ገጹን ወደኋላ ወደፊት ያገላብጣል። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"እኔ እዚህ ውስጥ ምንድን ነኝ?"

መዋሸት አልቻልኩም።

"የቁልፍ ዘለላ ነህ" አልኩት። ሲሄድ ቁልፉ ሁልጊዜ እጁ ላይ ይንሿሿል።

አቶ ነህምያ ኪሱን ዳሰሰ። ሳቀ። እሱ ሲስቅ የሺመቤት ሳቀች፣ አብዲቃድር ጠረጴዛ መታ። እኔ ቁጭ አልኩ።

ጉዳቱ የሥራ ላይ ጉዳት ተብሎ ተጻፈ። ጋሽ ካሣ ሜዲካል ቦርድ ቀረበ፣ ቦርዱ የጉዳቱን መጠን ወሰነለት፣ የጉዳት ካሣ ገንዘቡም በዚያ ልክ ተከፈለው። ኦፕራሲዮኑም ተሠራለት። ከመደንዘዣው ሲነቃ አብዲቃድር "አብሽር፣ ቦርሳህን አግኝተንልሃል" አለው። ነርሷ እስክትቆጣ ሳቁ። አሁን ጣቶቹ ግማሽ ይታጠፋሉ። ብርጭቆ ይይዛል። ባርኔጣውን ራሱ ያወልቃል።

ሁለቱም በሰው ስም ስለፈረሙ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ደረሳቸው። አብዲቃድር የራሱን በፍሬም አድርጎ ቤቱ ሰቅሎታል ይባላል፣ አላየሁም። የዕረፍት ቀናቸውም ተቀየረ። ኮምፒዩተሩ ተቀበለ።

እኔን ማንም አላባረረኝም። አቶ ነህምያ "ደብተሩን ቀጥይ፣ ግን ከሥዕሉ ጎን ስም ጻፊበት" አለኝ። ጋሽ ካሣ ፉርጎ ሥር መግባት ስለማይችል ከኔ ጋር መሣሪያ ክፍል ተመደበ። እሱ በግራ እጁ መጻፍ ይለማመዳል፣ እኔ በቀኜ። የሱ ፊደል ከኔ ይከፋል። ይሄን የምጽፈውም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው፣ ሲያቅተኝ እጠይቀዋለሁ። ስለሱ መሆኑን ግን አልነገርኩትም።

ዛሬ አርብ ነው። አብዲቃድር ዕረፍቱ ነው፣ አባቱን ይዞ ሄዷል። ጠዋት ጋሽ ካሣ መዝገቡ ላይ በግራ እጁ፣ ቀስ ብሎ፣ ምላሱን ነክሶ የራሱን ስም ጻፈ። ፈረመበት። እኔ ደብተሬ ላይ ካሣ ብዬ ጻፍኩና ከጎኑ ባርኔጣ ሣልኩ።

"ስሙን ጽፈሽ የለም እንዴ?" አለኝ። "ባርኔጣው አሁን ለምንድን ነው?"

"ይቀመጥ" አልኩት።