ትርሲት እና ሁለተኛው ፈተና

ትርሲት አዳማ እያለች ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ ታስተምር ነበር። ከባሏ ከባሮክ ጋር በዲቪ ሎስ አንጀለስ ከገባች በኋላ ግን ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ሆነ። የምትንከባከባቸው እትዬ ቀለመወርቅ ፒኮ ሮበርትሰን የሚባል ሰፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው፣ አንደበታቸው ግን ያልደከመ ሴት ናቸው። ልጃቸው ዶርካስ ነርስ ስለሆነች አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል ናት። ስለዚህ ትርሲትና ሣህሊቱ የምትባል ሌላ ሴት እየተፈራረቁ አብረዋቸው ይውላሉ፣ ያድራሉ።

ሥራውን አልጠላችውም። ግን አብሯት የተማረ ሰው ደውሎ «አሁን ምን እየሠራሽ ነው?» ሲላት ወሬ ትቀይራለች። ባለፈው ዓመት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለኮምፒውተር ባለሙያዎች የውድድር ፈተና ሲያወጣ ማንንም ሳታማክር ተመዘገበች። በዚህ ፈተና ማለፍ ብቻውን አይጠቅምም፤ ተፈታኙ ሁሉ እንደ ውጤቱ ደረጃ ይሰጠውና ከላይ ያሉት ጥቂቶች ብቻ ይጠራሉ። እሷ ከታች ነበረች። ውጤቱን አይታ ላፕቶፑን ዘጋችና ባሮክ እስኪጠይቃት ድረስ ትንፍሽ አላለችም።

ዘንድሮ ፈተናው እንደገና ሲወጣ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች አንድ ሳታስቀር ሰብስባ ተያያዘቻቸው። አውቶቡስ ላይ፣ ላውንድሪ ቤት፣ እትዬ ቀለመወርቅ ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ ጊዜ ባገኘች ቁጥር ትሠራለች። መጀመሪያ ላይ ግማሹን ትስት ነበር። በኋላ በኋላ አንድም አትስትም።

አብሯት የሚያጠናው ሰልማን ነው። የሐረር ልጅ ነው፤ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አበሻ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፣ ጎን ለጎን ኮሌጅ ይማራል። ሰኞ ከሰዓት ከሱቁ አጠገብ ያለው ምግብ ቤት ጭር ሲል ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ ይዘው ይጠያየቃሉ። የሚወዳደሩት ለአንድ ዓይነት ሥራ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንስተውት ግን አያውቁም።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ትርሲት ወረቀቱን ወደ ሰልማን ገፋችለት። «ከፈለግከው ቦታ ጠይቀኝ» አለችው።

«አንድ ሺህ ስሞች አሉ» ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ከመካከላቸው አንዱን ስም፣ በየጊዜው መሐል ላይ ለሁለት እየከፈልን ብንፈልግ...»

«መልሱ ሲ ነው። ቢበዛ አሥር ጊዜ።»

ሰልማን ቀና ብሎ አያት። «ገና አልጨረስኩም እኮ።»

«ጥያቄውን አውቀዋለሁ።»

«ኦኬ፣ ልጨርሰዋ። ስሞቹ በፊደል ተራ አልተደረደሩም።»

«ወረቀቱ እንደዚያ አይልም።»

«አይልም። እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

ትርሲት ወረቀቱን መልሳ አየችው። ስሞቹ ካልተደረደሩ መሐል ላይ መክፈል ምንም አይፈይድም። የሚፈለገው ስም በግራ ይሁን በቀኝ የሚጠቁም ነገር የለም፤ አንድ በአንድ ማየት ብቻ ነው መፍትሔው። ይህን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፋ አስተምራለች። ሰልማን ሌላ ጥያቄ ወስዶ አንዲት ቃል ቀየረባት፤ ሳተችው። ሌላም ቀየረ፤ ያንንም ሳተች። ጆሮዋ ጋለ።

«ሶ፣ ያጠናሽው መልሱን ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ጥያቄውን አይደለም።»

«አንተ እንድወድቅልህ ነው የምትፈልገው?»

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው የተናገረችውን የሰማችው። አስተናጋጇ ከባንኮኒው ዞር ብላ አየቻቸው። ሰልማን ወረቀቱን አጥፎ ፊቷ አስቀመጠላት።

«ብፈልግማ ዝም እልሽ ነበር» አለና ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ያን ቀን ሚድ ሲቲ ሰፈር ያለው እቤቷ እስክትደርስ በእግሯ ሄደች። መንገድ ላይ ያለፈው ዓመት ፈተና አንድ በአንድ እየመጣ ፊቷ ድቅን አለ። ያኔም እንዲሁ ነበር ያደረገችው። የምታውቀው የመሰላትን ጥያቄ ሁሉ አንብባ ሳትጨርስ እየመለሰች፣ ከሰው ሁሉ ቀድማ ጨርሳ ነበር የወጣችው። ጎበዝ ስለሆነች መስሏት ነበር።

በማግስቱ ይቅርታ ልትጠይቀው ደወለች። «ሰኞ እንገናኝ» ብቻ አላት። በቀሩት ሳምንታት እንደ አዲስ ጀመሩ። ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍና መልሱን በራሷ አፍ ትናገራለች፤ ከዚያ የቀሩት ሦስቱ ለምን ስህተት እንደሆኑ አንድ በአንድ ታስረዳለች። በቀን ሃምሳ ጥያቄ ትጨርስ የነበረችው አሁን አሥሩ ከበዳት። ሰልማን በሌለበት ቀን የምታስረዳው ለእትዬ ቀለመወርቅ ነው። እሳቸው አንዳንዴ መሐል ላይ ያንቀላፋሉ። አንዳንዴ ደግሞ «ቆይ፣ እሱን ነገር እንደገና በይልኝ» ይሏታል፤ እንደገና ስትለው እሷው ራሷ ያልገባት ቦታ ይወጣል። ጊዜው አልበቃት አለ። «መሐል መንገድ ላይ ዘዴ መቀየር አልነበረብኝም» ትለዋለች ባሮክን።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አርብ የማደር ተራው የትርሲት ነበር። ሣህሊቱ በጠዋት መጥታ ልትተካት፣ ባሮክም መኪናውን ይዞ ታች ሊጠብቃት ተነጋገሩ። ባሮክ በሰዓቱ ደረሰ። ሣህሊቱ አልመጣችም። ስልኳ ሲጠራ ቆይቶ ተነሣ።

«ትርሲትዬ፣ ፍሪዌይ ላይ ከኋላ ገጩኝ። እኔ ደኅና ነኝ፣ መኪናዋ ግን አትንቀሳቀስም። ፖሊስ እየጠበቅኩ ነው።»

«እንኳን አንቺ ተረፍሽ» አለች ትርሲት።

ለዶርካስ ደወለች፤ አታነሣም። መልእክት ተወችላት። የፈተናው በር ናይን ላይ፣ በአበሻ ሦስት ሰዓት፣ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አይገባም። እትዬ ቀለመወርቅ ሁሉንም ሰምተዋል።

«ሂጂ» አሏት። «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«በቀደም መታጠቢያ ቤት የወደቁትን ረሱት?»

«በቀደም በቀደም ነው።»

«ትቼዎት አልሄድም፣ እትዬ።»

ባሮክ ወደ ላይ ወጣ። «እኔ አብሬያቸው ልቀመጥና አንቺ ድራይቭ አድርጊ» አለ። ትርሲት እሱንም አሰበችው። ግን ቢደክማቸው፣ መጸዳጃ ቤት ቢያስፈልጋቸው፣ ባሮክ እንዴት እንደሚያነሣቸው እንኳ አያውቅም፤ እሷም ፈተናው ላይ ቁጭ ብላ የምታስበው ይህንኑ ነው። ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀረሁ ብላ ከልቧ አመነች፤ ዕንባዋም መጣ።

ያን ጊዜ ዶርካስ መልሳ ደወለች። ትርሲት የሆነውን ነገረቻትና ገና አሁን የመጣላትን ሐሳብ በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። «እሳቸውን ይዣቸው ልሂድ? እዚያው አጠገቤ፣ መኪና ውስጥ ከባሮክ ጋር ይሁኑ። የሆነ ነገር ካለ በዘበኛው በኩል ያስጠራኛል፣ ፈተናውን ጥዬ እወጣለሁ።»

ስፒከሩ ክፍት ነበርና የዶርካስ ድምፅ ተሰማ። «እማዬ ምን አለች?»

«ነጠላዬን አምጡልኝ እያልኩ ነው» አሉ እትዬ ቀለመወርቅ ከሶፋው።

መድኃኒቱን፣ ውሃውን፣ ብርድ ልብሱን ያዙ። ባሮክ ተሽከርካሪ ወንበሩን አጥፎ ከኋላ ጫነ። መንገዱ ግን ተዘግቶ ነበር፤ ምናልባትም በሣህሊቱ ላይ በደረሰው አደጋ ምክንያት። ባሮክ ከፍሪዌዩ ወርዶ በውስጥ ለውስጥ ሄደ። ትርሲት ሰዓቱን ላለማየት ዓይኗን ጨፍና የወንበሩን ጠርዝ ይዛለች።

ባሮክ ገና ፓርክ ሳያደርግ ወርዳ ሮጠች። ዘበኛው በሩን ሊዘጋ እጀታውን ይዞ ነበር። መታወቂያዋን አይቶ ወደ ውስጥ አሳለፋት። ሰልማን ከፊት ተቀምጦ ሲያያት ትንፋሹን አወጣ።

የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ደግማ ደጋግማ ብታነባቸውም አልገቧትም። ልቧ መኪናው ውስጥ ነው። ከዚያ አንድ በደንብ የምታውቀው ጥያቄ መጣ፤ እጇ ወደ መልሱ ሄደ። ያዘችው። ምርጫዎቹን በመዳፏ ሸፍና ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አነበበች። የምታውቀው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለች ሄደች። የማታውቃቸው ነበሩ፤ ጊዜ ያልበቃቸውም ነበሩ። ሰዓቱ ሲያልቅ ገና መጨረሻው ገጽ ላይ ነበረች።

ውጭ ስትወጣ እትዬ ቀለመወርቅ በወንበራቸው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። መጸዳጃ ቤት አስፈልጓቸው ባሮክ ሲጨነቅ አንዲት የጥበቃ ሠራተኛ ረድታቸው ነበር። «ባልሽ ደግ ነው፣ ግን በትንሽ ነገር ይደነግጣል» አሏት።

ውጤቱ ሲመጣ ሰልማን አራተኛ ወጣ፣ ትርሲት ሰባተኛ። የተጠሩት አምስት ናቸው። ሰልማን ሲደውልላት «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው፤ ከልቧም ነበር። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ፊቷን ግድግዳ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ተኛች። ባሮክ መብራቱን አጥፍቶላት ወጣ።

ክረምቱ ሲገባ ከተጠሩት መካከል ሁለቱ ሌላ ሥራ ይዘው ቀሩ። ስድስተኛውና ሰባተኛዋ ተጠሩ። በቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ጥያቄ አላወቀችም፤ አላውቀውም ብላ መልሱን እንዴት አድርጋ ፈልጋ እንደምታገኘው ነገረቻቸው። ከሳምንታት በኋላ ተቀጠረች።

ለእትዬ ቀለመወርቅ ስትነግራቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። «ጥሩ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ። ትርሲት አጠገባቸው ቁጭ አለች። ቆይተው እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አኖሩና፣ «እሑድ እሑድ ትመጫለሽ» አሏት። እየጠየቋት አልነበረም።