እንቁላል የያዙት ሦስት ላንጉስቶች

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። እስከ ዛሬ ዓሣ ገበያ በሄድኩ ቁጥር ግን ትዝ ይለኝና ፊቴ ይግላል። ሰው ሳይሰርቅና ሳይደባደብ፣ ገበያ ወጥቶ እስኪመለስ ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ምን ያህል ሊያጠፋ እንደሚችል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ጅቡቲ ከተማ ስኖር ስምንት ዓመት ሆኖኛል። የምኖረው አምቡሊ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ሀራሙስ፣ በአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ቤት ምግብ አብሳይ ሆኜ። የቤቱን እመቤት ማዳም እላታለሁ። ደህና ሴት ናት፤ ጮሃብኝ አታውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ለሠራሁት ነገር ሰበብ እንዳይሆነኝ ነው።

ማዳም እንግዳ ስትጠራ ብዙ ጊዜ ላንጉስት አዘጋጃለሁ። ላንጉስት እዚህ ጠንካራ ቅርፊትና ረጃጅም ቀንድ ላለው የባሕር እንስሳ የተሰጠው የፈረንሳይ ስም ነው። የምገዛው ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ነበር፤ ከአባባ ሁመድ። አባባ ሁመድ አፋር ናቸው። በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ሠርተዋል፤ አማርኛ የለመዱትም እዚያ ነው። ዓሣ ገበያ ውስጥ በአማርኛ "ነይ የኔ ልጅ፣ እንዴት አደርሽ?" የሚለኝ ሰው ማግኘት ለኔ ቀላል ነገር አልነበረም። እሳቸው ጋ ስደርስ ትንሽ ቁጭ ብዬ ሳልጫወት አልሄድም።

ያን ሰሞን ሰኔ ነበር። ኸምሲን የሚሉት ያ ትኩስና አሸዋ የተሞላ ነፋስ ጀምሯል። ማዳም ስምንት ሰው እንደምትጋብዝ ነገረችኝና፣ "በዚህ ነፋስ ላንጉስት ይገኛል?" አለችኝ።

"ችግር የለም" አልኳት። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ገበያውንም ሳላይ ነው ቃል የገባሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። አብዛኞቹ ጀልባዎች ከነፋሱ የተነሣ አልወጡም ነበር። ሻጮቹ ፊት ያለው ትንንሽ ዓሣ ብቻ ነው። አባባ ሁመድ ግን ከእህታቸው ልጅ ከዓሊ ጋር ሌሊቱን ወጥተው ገና መመለሳቸው ነበር። ሳፋቸው ውስጥ አምስት ላንጉስት አየሁና ደስ አለኝ። ሦስት ይጎድለኛል። ቀና ስል ጀልባዋ ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ውኃ የተርከፈከፈበት ጆንያ ተቀምጧል። ጆንያው ይንቀሳቀሳል።

"አባባ፣ እዚያ ያሉትስ?"

"እነሱ አይሸጡም" አሉኝ። ጆንያውን ከፍተው አንዷን አነሡና ገልብጠው አሳዩኝ። ከጅራቷ ሥር ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጥ እንቁላል ተጠቅጥቋል። "በጨለማ ከመረብ ሳወጣ አላየሁም። ከሰዓት ልወጣ ስል ከወሰድኩባቸው ቦታ እመልሳቸዋለሁ። እነዚህን ከሸጥን የሚቀጥለው ዓመት ምን እንይዛለን?"

"ሦስት ብቻ እኮ ነው የሚጎድለኝ፣ አባባ።"

"ልክ ሦስት ናቸው" ብለው ሳቁ። "አይሆንም፣ ልጄ። ደራክ ውሰጂ። ያ ትልቁ ዓሣ ስምንት ሰው አጥግቦ ይተርፋል።"

ደራኩ እዚያው ነበር፤ ወፍራም፣ ዓይኑ የጠራ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለማዳም ደውዬ "ላንጉስት አልሞላልኝም፣ ዓሣ ላምጣ?" ማለት እችል ነበር። አልደወልኩም። "ችግር የለም" ያልኩትን ቃሌን ማጠፍ፣ አልቻለችም መባል አልፈለግኩም። እውነቱ ይኼው ነው፤ ከዚህ የከበደ ምክንያት አልነበረኝም።

አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አባባ፣ ልጄ ድሬዳዋ ታማብኛለች" አልኳቸው። "ደረቷን ይዟታል። ዛሬ ባዶ እጄን ከገባሁ ከሥራ ያባርሩኛል። መድኃኒት የሚገዛላት ከኔ ሌላ ሰው የላትም።"

ልጄ ኢክራም ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እናቴ ጋ ነው የምታድገው። ደህና ነበረች። የዚያኑ ቀን ጠዋት በስልክ አውርታኝ ስትስቅ ሰምቻታለሁ።

አባባ ሁመድ አዩኝ። ከዚያ ጆንያውን አዩ። ዓሊ ትንሽ ራቅ ብሎ ሞተሩን ያጥባል።

"ስንት ቀኗ ነው?" አሉኝ።

"አራት ቀኗ።"

ጆንያውን ወደኔ ገፋ አደረጉት። "ውሰጃቸው። የሰው ልጅ ይበልጣል።" ሦስቱን ወደ ዘንቢሌ ሳዛውር ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ነበር።

ዘንቢሌን ይዤ ስነሣ ዓሊ አየኝ። መጥቶ አንዷን አነሣና ከሥሯ ያለውን እንቁላል ተመለከተ። ዓሊ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ነው። በአፋርኛ የሆነ ነገር ጮኾ ተናገረ፤ አጠገቡ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ዞር ብለው አዩና ሳቁ። ቋንቋውን አላውቀውም። አባባ ሁመድ ግን ከመሬት ላይ መረብ አንሥተው የሌለ ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ። እኔም ታክሲ እንዳያመልጠኝ የምሮጥ መስዬ ሄድኩ።

ወጥ ቤት ገብቼ እንቁላሉን በቢላዋ ጀርባ እየፋቅኩ በቧንቧ ውኃ አጠብኩት። የመታጠቢያው ሳህን ሞላ። ጣቴ ላይ ይጣበቃል፣ ውኃውም ቶሎ አይወስደውም። ማዳም ውኃ ልትጠጣ ገብታ ስታየው ደነገጠች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

እንቁላል እንደሆነና ሌላ ላንጉስት እንዳልተገኘ ነገርኳት።

"ታዲያ ለምን አልደወልሽልኝም?" አለችኝ። "ዓሣ ብታመጪ እኮ ምንም ችግር አልነበረውም።"

ተቆጥታ አይደለም፣ ገርሟት ነው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከስምንቱ እንግዶች አንደኛው የባሕር ነገር እንደማይበላ የታወቀው ደግሞ ሳህኑ ፊቱ ከቀረበ በኋላ ነው። ሳህኑ እንዳለ ተመለሰ። ላንጉስቱ ከሦስቱ አንዱ ይሁን ከአምስቱ መለየት አልቻልኩም፤ ብቻ ብዙ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ዓሣ ገበያ አልሄድኩም። ማዳም ዶሮ ስትል ደስ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ መሄድ ግድ ሆነና ሄድኩ።

መጀመሪያ ያየሁት የዓሊን ሳፋ ነው። ከላይ የተደረደሩት ላንጉስቶች ሁለቱ እንቁላል ይዘዋል፤ አልደበቃቸውም። ከጎኑ ያለው ሻጭም አንድ ነበረው። አባባ ሁመድ ከነሱ ትንሽ ራቅ ብለው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ።

"የኔ ልጅ! ሕፃኗ ተሻላት?"

"ተሻላት" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ! ከዛሬ ነገ ትመጪያለሽ እያልኩ ስጠብቅሽ ነበር።" ከሥራቸው ካለው ሣጥን በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። "የፍየል ቅቤ ነው። እህቴ ከታጁራ ላከችልኝ። ለደረት ጥሩ ነው። ድሬዳዋ በሚሄድ ሰው ላኪላት፤ ማታ ማታ ይቀቧት።"

ጠርሙሱን እጄ ላይ አደረጉት። ሣጥኑ ጸሐይ ላይ ስለቆየ ሞቋል።

"አባባ፣ ልጄ አልታመመችም። አልታመመችም ነበር። ማንም ከሥራ አያባርረኝም። ላንጉስቶቹን ስለፈለግኳቸው ብቻ ነው የዋሸሁት።"

ሰው እንዳያየኝ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ይሳደባሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ሌላ ነው።

"ጤነኛ ናት?"

"ጤነኛ ናት።"

"እሱ ጥሩ ነው" አሉ። ጠርሙሱን ልመልስላቸው ስል እጄን ገፉት። "አይ፣ ቅቤው የመጣው ለእሷ ነው። ውሰጂ።" ከዚያ በአገጫቸው ወደ ዓሊ አመለከቱኝ። "አሁን የነገርሽኝን ለእሱም ንገሪው። ባለፈው ወር እንቁላል ያላት ላንጉስት ይዞ ስለመጣ፣ ሰው ፊት ተቆጥቼው ነበር፤ ወደ ባሕር አስመልሼዋለሁ። አሁን ምን ብዬ ልናገረው? 'አንተም ሸጠሃል' ይለኛል።"

ያ ሁሉ ሰው ባለበት ሄጄ ዓሊ ፊት ቆምኩ። ዓሊ ሶማሊኛ ይሰማል፣ እኔም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ቃላቱ ከየትም አልመጡልኝም። እየተንተባተብኩ ነገርኩት። አጎትህ ሊሸጡልኝ አልፈለጉም፣ ልጄ ታማለች ብዬ ዋሽቼ ነው የወሰድኩባቸው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። ከጎኑ ያሉትም ሰሙ። አንዱ ሴትየዋ ምን ሆናለች ብሎ ጠየቀ።

ዓሊ አልሳቀም፤ ተናግሬ እስክጨርስ አዳመጠኝ።

"እሺ" አለኝ። "ግን ሸጧል አይደል?"

ጠርሙሱን እንደያዝኩ ከገበያው ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁላል የያዘ ላንጉስት ገዝቼ አላውቅም። ሻጩ እንቁላሉን ፍቆ አጥፍቶት እንደሆነም ከጅራቱ ሥር እንቁላሉ ተጣብቆባቸው የነበሩትን ክሮች አይቼ እለያለሁ፤ ያስተማሩኝ አባባ ሁመድ ናቸው። በጠዋቱ ሚኒባስ አብረውኝ ሀራሙስ ለሚሄዱ አብሳዮች ነገርኳቸው። ሁለቱ እሺ አሉኝ። አንዷ "ባሕሩን አንቺ ነሽ የምትጠብቂው?" ብላ ሳቀችብኝ፤ አልፈረድኩባትም። ገዢ ሲቀንስ ሻጩም ይቀንሳል ብዬ ነው የምናገረው፤ በእርግጥም አንዳንድ ቀን ገበያው ላይ አንድም አላይም።

ኢክራም ቅቤውን ተቀብታ ጨርሳዋለች። እናቴ ከየት እንደመጣ ስትጠይቀኝ አንድ ደግ ሰው ሰጠኝ ብያታለሁ።

አባባ ሁመድ አሁን ባሕር አይወጡም፤ ጉልበታቸው ደከመ። ገበያው ጥግ ቁጭ ብለው የሰው መረብ ይጠግናሉ። ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ልጄ ይጠይቁኛል። ይቅር እንዳሉኝ አንድ ቀን በአፋቸው ነግረውኛል። ጀልባዋን የያዘው ዓሊ ነው። አንዳንዴ እንቁላል ያላቸውን ይመልሳል፣ አንዳንዴ ይሸጣል። እኔን ከሩቅ ሲያየኝ ሳፋውን በጆንያ ሸፈን ያደርጋል። ሲሸፍን ሳይ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

በቅርቡ ማዳም እንግዶች ነበሯት። የተጠበሰ ደራክ ይዤ ስገባ እንዳልወጣ በእጇ ከለከለችኝና ስለኔ ማውራት ጀመረች። የኛ አብሳይ እንቁላል የያዘ ላንጉስት አትገዛም፣ በመራቢያ ወቅቱም አትገዛም፣ እኛንም አስተማረችን አለቻቸው። እንግዶቹ "ብራቮ!" አሉኝ። አንዲት ሴት ተነሥታ እጄን ጨበጠችኝና ከየት እንደተማርኩት ጠየቀችኝ።

"ከአንድ ዓሣ አጥማጅ" አልኩ። በኋላ ይህን ስነግራት ጓደኛዬ ሰዓዳ፣ "መዋሸትሽንም ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት?" አለችኝ። ያን ሰዓት ግን አልቻልኩም። አመሰግናለሁ ለማለት ሜርሲ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ከውጭ አሁንም ሲያመሰግኑኝ ይሰማኛል።